ወፍጮ ቤቱ ጋ የቆሙት ሽማግሌ

ስልክ መኪና ውስጥ መንገድ እንዲመራኝ ያደረገችው ልጄ ናት። መስታወት ላይ የሚጣበቅ መያዣ ገዝታ መጣች፤ ስልኬን ሰካችበትና «አባዬ፣ ከእንግዲህ ሰው መጠየቅ ቀረልህ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ሰው መጠየቅ አልወድም፤ መንገድ መጠየቅ ደግሞ ጭራሽ። በእኛ ከተማ መንገድ የጠየቅከው ሰው መጀመሪያ ከየት እንደመጣህ ይጠይቅሃል፤ ቀጥሎ ወደ ማን ቤት እንደምትሄድ ይጠይቅሃል፤ በመጨረሻም «እኔም ወደዚያው ነኝ» ብሎ ጋቢና ይገባል። ስልኩ እንዲህ ያለ ጣጣ የለውም። የምትሄድበትን ትነግረዋለህ፤ ሰማያዊ መስመር ያሰምርልሃል፤ ከዚያ አንዲት ሴትዮ በእንግሊዝኛ ግራ ቀኝ እያለች ትነዳሃለች። ኮተቤን የምትጠራበት አጠራር የሰፈር ሳይሆን የሆነ የውጭ አገር ሰው ስም ያስመስለዋል፤ ቢሆንም ተግባባን። ልጄ «ብቻ እማዬ እንዳትቀና» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ያለመጠየቅ በሽታዬ የመጣው ከታላቅ ወንድሜ ጋር ካደግሁበት አስተዳደግ ይመስለኛል። አባታችን ሲሞት እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፤ እሱ አሥራ ዘጠኝ። ትምህርቱን ትቶ ብረት በያጅ ሆነና እናታችንንና እኔን አኖረን። ጋሼ ነው የምለው። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ እጄን ሳይሆን አንጓዬን ነበር የሚይዘው፤ ፖሊስ ሌባ እንደሚይዘው። አስፋልት ስንሻገር ደግሞ ጨምቆ ይይዘኛል። ስምንተኛ ክፍል እስክደርስ ድረስ አልለቀቀኝም፤ ጓደኞቼ «እስረኛው መጣ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወሰን ሰፈር ያለው ወርክሾፑ እሄዳለሁ። ወሰን ውስጥ ካሉት የብረት በሮች ግማሹን የሠራው እሱ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። በሩ ከላይ ጥጉ ላይ ከብረት ዘንግ የተሠራች ትንሽ ፀሐይ ካለችው የጋሼ ሥራ ነው። የሚበይድበት ጥቁር መነጽር አንድ ብቻ ነበረው። እኔ አጠገቡ ቆሜ እሳቱን ካላየሁ ብዬ ሳስቸግረው መነጽሩን ለእኔ ያደርግልኝና እሱ ዓይኑን ጨፈን ከፈት እያደረገ ይበይዳል። ማታ እናታችን ዓይኑ ላይ የተከተፈ ድንች ትጭንለታለች። ያኔ ይህ ነገር የሚያስቀኝ ነበር።

የተጣላነው በእናታችን አርባ ዕለት ነው። ድንኳኑ በሰው ተሞልቷል። እኔ ከመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ጋር ተቀምጬ ስናወራ ጋሼ በድንኳኑ ጫፍ በኩል መጣና ሰው ሁሉ እየሰማ «አንተ፣ ምን ትጎለታለህ? ተነስና ለእንግዶቹ ውሃ አቅርብ» አለኝ። ያኔ የሁለት ልጆች አባት ነኝ፤ ከሥሬ አሥራ አንድ ሠራተኛ አለ። ባልደረቦቼ አንገታቸውን ደፉ።  «ጋሼ፣ አንተ አባቴ አይደለህም፤ ልክህን እወቅ» አልኩት። የመጀመሪያው ብቻ ቢሆን ምናልባት ያልፍ ነበር። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሁለተኛውን የምመልስበት መንገድ አልነበረኝም። ጋሼ ማስታጠቢያውን ራሱ አንስቶ ለእንግዶቹ ውሃ እያዞረ አስታጠበ፤ እኔን ሲደርስ አለፈኝ።

ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። በመሐል ዓይኑ እየደከመ ሄደና ወርክሾፑን ዘግቶ ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ ሚስቱ ከእናቷ ወደወረሰችው ቤት ገባ። ይህንንም የሰማሁት ከሰው ነው። ደጁን አላውቀውም ነበር።

ያስታረቁን፣ ወይም ሊያስታርቁን የደከሙት ሐጂ ናቸው። ሐጂ ወሰን ውስጥ ከቤቴ ብዙ ሳይርቅ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጡ የስልጤ ሰው ናቸው። ሱቃቸው ከጋሼ ወርክሾፕ ጋር ሃያ ዓመት ግድግዳ ተጋርቷል። ማንም ሳይልካቸው አራት ጊዜ ያንን ዳገት ወጡ፤ አንዱን ጾም ይዘው። አራተኛው ጊዜ መስከረም ሊያልቅ ሲል ነበር። ሲመለሱ በቀጥታ ወደ እኔ መጡና ወንበር እንኳ ሳይስቡ ነገሩኝ።

«ይምጣ ብሏል። እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ከደጄ ዝቅ ብሎ ያለው ወፍጮ ቤት ጋ ወጥቼ እቀበለዋለሁ ብሏል።»

«ለምን ይቸገራል ሐጂ? ልጄ ሎኬሽኑን ከልጁ ተቀብላለች። ቤቱ ድረስ ራሴ እሄዳለሁ።»

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ። «አንተ ሰው፣ የሚወጣው እኮ ቤቱ ይጠፋበታል ብሎ አይደለም። ታላቅ ለታናሽ ከደጁ ሲወጣ ምን ማለት እንደሆነ እኔ ነኝ የምነግርህ? የካ ሚካኤል ስትደርስ ደውልለት፤ ይወርዳል።»

«እሺ» አልኩ።

እሺታዬ ከአፌ እንጂ ከሆዴ አልነበረም። ይቅርታ መጠየቁን ተዘጋጅቼበት ነበር፤ እንዲያውም የምለውን ሻወር ቤት ውስጥ ለብቻዬ ስለማመድ ሚስቴ ሰምታኛለች። መመራቱን ነው ያልወደድኩት። ጋሼ ከመኪናዬ ፊት ፊት እየሄደ፣ እጁን እያወናጨፈ፣ «ወደዚህ፣ ወደዚህ» ሲለኝ ታየኝና አንጓዬን እንደገና የያዘኝ መሰለኝ። እኔ የፈለግሁት ራሴ ደርሼ፣ በሩን ራሴ አንኳኩቼ፣ እንደ አንድ ትልቅ ሰው መግባት ነው። አምሳ ሊሞላኝ ምን ቀረኝ? ስልኩ ደግሞ ይህን እንዳደርግ አስቻለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩ ባይኖር ኖሮ ወደድኩም ጠላሁም እደውልለት ነበር።

እሑድ ልጄ ሁሉን አዘጋጅታ በር ድረስ ሸኘችኝ። «ስታርት በለው፤ ሌላውን ለሷ ተው። ዳታ እንዳታጠፋ ደግሞ፣ ፕሊስ» አለችኝ። ብርቱካን ኋላ ወንበር ላይ አስቀመጥኩና ተነሳሁ። በላምበረት አድርጌ መገናኛን አለፍኩ። እሑድ ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። የካ ሚካኤል ስደርስ ሕዝቡ ነጭ ለብሶ ከቅዳሴ እየወጣ ነው። እዚያ ጋ መኪናዬን አቆምኩ። መደወል እንዳለብኝ አስታውሻለሁ፤ ረሳሁ ብል እዋሻለሁ። ስልኩን አየሁት። ከደወልኩ መስመሩ ይጠፋብኛል ብዬ ለራሴ ሰበብ ሰጠሁት። ደግሞም «ደጁ ላይ ሲያየኝ የበለጠ ደስ ይለዋል» አልኩ። ሴትዮዋ ቀጥታ አለችኝ፤ ቀጥታ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ዳገት ነው። አስፋልቱ አልቆ ኮብልስቶን ተጀመረ፤ መንገዱ እየጠበበ፣ በግራ በቀኝ ቆርቆሮ አጥር፣ ከላይ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ። ሰማያዊው መስመር እዚህ ጋ መዋለል ጀመረ። እኔ ያለሁበት ነጥብ አንዴ ሰው ግቢ ውስጥ ይገባል፣ አንዴ ገደል ውስጥ። ሴትዮዋ ወደ ቀኝ ትለኛለች፤ በቀኝ ያለው አጥር ነው። ዓይኔን ከስልኩ ማንሳት ፈራሁ። ያ ዳገት ላይ ተሳስቶ መመለስ የሚባል ነገር የለም፤ ወደ ኋላ በሪቨርስ መውረድ ነው።

አንድ መታጠፊያ ላይ የተዘጋ ወፍጮ ቤት አለ፤ በሩ ከዱቄቱ የተነሳ ነጥቷል። ከፊቱ አንድ ሽማግሌ ቆመዋል። ነጭ ጋቢ ለብሰዋል፣ ምርኩዝ ይዘዋል፣ ጢማቸው ሸብቷል። መንገዱ ዳር ሳይሆን መሐሉ ላይ ነበር የቆሙት ማለት ይቻላል። ክላክስ አደረግሁ። አልተንቀሳቀሱም። ደግሜ ረዘም አድርጌ ነፋሁ። ያኔ ዞር አሉና መንገዱን በመልቀቅ ፈንታ በእኔ በኩል ወዳለው መስኮት ቀረቡ፤ ጎንበስ ብለው እጃቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በየመታጠፊያው ምጽዋት የሚጠይቁ አረጋውያን አይጠፉም። መስኮቱን ለአቧራው ብዬ ጣት የምታስገባ ያህል ብቻ ነበር የከፈትኩት። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ሴትዮዋ በዚያው ቅጽበት ወደ ቀኝ፣ ወደ ቀኝ ትላለች። ቀኙን እንዳላሳልፈው ዓይኔን ስልኩ ላይ ተክዬ፣ እጄን ከፍ አድርጌ፣ «እግዜር ይስጥልኝ አባቴ» አልኩና ነዳሁ።

ሃምሳ ሜትር ያህል እንደሄድኩ ሴትዮዋ ደርሰሃል አለችኝ። በሩን አወቅሁት። ቀለሙ ለቋል፤ ጥጉ ላይ ግን ፀሐይቱ አለች። ስልኩን ጎበዝ ነሽ ብዬ መታ መታ አደረግሁት። ኮሌታዬን አስተካክዬ፣ ብርቱካኔን ይዤ፣ ራሴ አንኳኳሁ።

የከፈተችልኝ የጋሼ ሚስት ናት፤ እትዬ ነው የምላት። እጇን አፏ ላይ ጭና እልል ማለት ከጀመረች በኋላ አቋርጣ ከኋላዬ መኪናው ውስጥ ተመለከተች።

«ጋሼህስ?»

«እሱን ልጠይቅሽ እኮ ነው፤ የለም እንዴ?»

«ሊቀበልህ ወርዶ! ከቅዳሴ እንደተመለሰ ቁርስም አልቀመሰ። ስልክ እስኪደወል ጠብቅ ስለው፣ ዓይኔ አያደርሰኝም፣ ሳላየው ቢያልፈኝስ፣ መሐል መንገድ ላይ ነው የምቆመው ብሎ ሄደ።»

 «ምን ለብሶ ነው የወጣው እትዬ?» አልኳት። እያወቅሁ ነው የጠየቅሁት።

«አዲሱን ጋቢ ነዋ። ለፋሲካ ያላወጣውን።»

መኪናውን በሩ ላይ እንደተከፈተ ትቼው ቁልቁል ሮጥኩ። ሳልደውልለት ይወርዳል ብዬ፣ ስድስት ዓመትም እንደዚያ ያስረጃል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ትቼው የሄድኩት ጋሼ ጥቁር ጢም ያለው፣ ብረት በአንድ ክንዱ የሚያነሳ ሰው ነው። ይህን ሁሉ እየሮጥኩ ለራሴ እነግረዋለሁ፤ እኔው ራሴ ግን አላመንኩትም። በእናታችን አርባ ላይ አባቴ አይደለህም ያልኩትን ሰው አባቴ ያልኩት ለማኝ መስሎኝ ነው።

መንገዱ እኩሌታ ላይ አገኘሁት። ወደ ላይ እየወጣ፣ የሰው አጥር ተደግፎ ትንፋሹን እየሰበሰበ ነበር። እግሩ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል በትከሻዬ ያዘኝ። ጉልበቱ ጋ አላደረሰኝም።

«ኧረ አይገባም» አለኝ። «ልብስዎ ይቆሽሻል።»

ጋሼ በሕይወቴ አንቱ ብሎኝ አያውቅም። ሲቆጣኝም፣ ሲመርቀኝም አንተ ነኝ።

«ጋሼ፣ አላየሁህም። በእናታችን አጥንት እምልልሃለሁ፣ አላየሁህም። ስልኩን ነበር የማየው፤ መንገዱን እሱ ነው የሚነግረኝ።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። እኔ ነኝ መሐል መንገድ ላይ ቆሜ የዘጋሁብዎት። ዓይኔ ትንሽ ደክሟል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ይህን ሲል ፊቱ ላይ ቁጣ ፈልጌ አጣሁ። ቁጣ ቢሆን እንደልማዴ እከራከረው ነበር። ትሕትና ነው፤ ለማያውቁት ሰው የሚደረገው ንጹሕ ትሕትና። ምርኩዙን ወደ ዳገቱ ቀስሮ «ይቅደሙ» አለኝ።

ምሳው የድግስ ምሳ ነበር። እትዬ ሁለት ቀን የደከመችበት ዶሮ ወጥ ቀረበ። ጋሼ እጄን ራሱ አስታጠበኝ፤ ማስታጠቢያውን ከላይ ይዞ ውሃውን ቀስ አድርጎ አፈሰሰልኝ። ማዕዱን ባረከ። «ይብሉ እንጂ፣ አይፈሩ» አለኝ ደጋግሞ። ልጅ ሆኜ እምቢ ስል መንጋጋዬን ይዞ የሚያጎርሰኝ ሰው አንዲት ጉርሻ አልዘረጋልኝም። የተለማመድኩትን ይቅርታ በሙሉ ተናገርኩ፤ ሻወር ቤት ውስጥ ካልኩትም የበለጠ። ዓይኖቹን ወደ እኔ አድርጎ አዳመጠኝና «ምንም የለም፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለን» አለ። ታርቀናል። ማንም ሰው ቢጠይቀው ታርቀናል ነው የሚለው።

ስወጣ እትዬ እስከ መኪናው ተከተለችኝ። ያ እጁን መስታወቱ ላይ ያሳረፈ ጊዜ ምን ብሎኝ እንደነበር ጠየቅኋት፤ ለእሷ ነግሯት እንደሆነ ብዬ። ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች።

«ተወው ምን ያደርግልሃል» አለች።

«ንገሪኝ።»

«መጣህልኝ? ነው ያለህ።»

ሐጂ ጉዳዩን ስነግራቸው «ደውል ብዬህ ነበር» አሉ። ለአምስተኛ ጊዜ ዳገቱን ወጥተው ስለ ስልኩ፣ ስለ ካርታው፣ ስለ ሴትዮዋ ሁሉ አስረዱለት። ጋሼ በጥሞና ሰምቷቸው «አዎ፣ አሁን ሁሉም በስልክ ነው፤ እኔ ነኝ ሳላውቅ የወጣሁት» አላቸው። ማስረዳታችን ነገሩን አባሰው እንጂ አላቀለለውም። ሰው አያስፈልገኝም ብዬ እንደሄድኩ ጭምር አሳወቅነው።

ልጄ ደግሞ አዘነች፤ ጥፋቱ የእሷ ይመስል ሁለት ቀን ተሸማቀቀች። በሦስተኛው ቀን «ግን አባዬ፣ ማፑ በትክክል አድርሶሃል አይደል?» አለችኝ። አድርሶኛል። በሩ ድረስ፣ አንድ ሜትር እንኳ ሳይስት። እሷን ምን ልበላት? መያዣውን ከመስታወቱ ላይ ነቅዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ከዚያ ወዲህ በወር አንዴ እሑድ እሄዳለሁ። መንገዱን አሁን ዓይኔን ጨፍኜም አገኘዋለሁ። ጋሼ በደንብ ይቀበለኛል፤ ከወንበሩ ይነሳልኛል፣ ስለ ልጆቼ አንድ በአንድ ይጠይቀኛል፣ «ደህና ሰነበቱ?» ይለኛል። እኔ ጋሼ፣ አንተ እላለሁ፤ እሱ እርስዎ ይለኛል። እትዬ በመሐላችን ተቀምጣ አንዴ እሱን አንዴ እኔን ታያለች። አንድ ቀን ተናዶ «አንተ ባለጌ» ቢለኝ ብዬ ሆን ብዬ ውሃ ምንጣፉ ላይ ደፍቼ አውቃለሁ። «ግድ የለም፣ ይደርቃል» አለኝ።

ባለፈው እሑድ አንድ ነገር አሰብኩ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስደርስ መኪናዬን ዳር አስጠግቼ ወረድኩ። እሱ በቆመበት ቦታ፣ ከመንገዱ መሐል ትንሽ ፈቀቅ ብዬ ቆምኩ። ከዚያ ሆኖ ቁልቁል ሲታይ የሚመጣ መኪና ከሩቅ ይታያል፤ ዓይን ላለው ሰው ማለቴ ነው። ስልኬን አወጣሁና ያን ቀን ልደውል ይገባኝ የነበረውን ስልክ ደወልኩ። ያነሳው ራሱ ነው።

«ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ነኝ።»

«እሺ፣ በደህና መጡ?»

«መንገዱ ጠፍቶብኛል ጋሼ» አልኩት። ድምፄ እንደ ልጅ ድምፅ ቀጠነብኝ፤ አላፈርኩም። «ና ውሰደኝ።»

ትንፋሹ ይሰማኛል፤ ከኋላው ግቢው ውስጥ እትዬ የማገዶ እንጨት ስትሰብር ይሰማኛል።  ወንበሩ ሲንቀሳቀስ ሰማሁና የተነሳ መሰለኝ።

«መንገዱንማ ያውቁታል» አለኝ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ። «በሩ ክፍት ነው፤ ይግቡ።»

ትንሽ ቆይቼ፣ ምናልባት ይወርድ ይሆናል ብዬ፣ ወደ ላይ አየሁ። ከዚያ መኪናውን እዚያው ትቼ በእግሬ ወጣሁ። በሩ እንዳለውም ክፍት ነበር። ደጁ ላይ ግን ማንም አልቆመም።